ድርና ማግ

ሠላሳ ሁለት ዓመት በሽመናው ክፍል ዳር፣
ጆሮዬን ለማሽን፣ ጣቴን ሰጥቼ ለክር፣
ጡረታ ስወጣ ከኮምቦልቻ ፋብሪካ፣
አንድ ጓሮ ቀረኝ፣ በገመድ የተለካ።
ከቦርከና ተጠልፎ ውሃው በቦይ ሲመጣ፣
ጎመን ተከልኩበት፣ ቲማቲም አወጣ።

መደቡን ሳወጣው ልማዴ አልለቀቀኝ፣
ሁሉን በየረድፉ ለይ ለይ አሰኘኝ፤
አንድ ቀለም፣ አንድ ስልት፣ አንድ ዓይነት ጥቅልል፣
ዳር እስከ ዳር ቢያዩት አንሶላ ይመስል።

በነሐሴ መውጫ ክሽክሽ ገባበት።
ግራጫ ዱቄት ነው፣ የሚራመድ ዱቄት።
ቅጠሉ በአንድ ሳምንት ተኮማትሮ ዋለ፤
ትል ደግሞ ተከትሎ ቀዳዳ አበቀለ።
ከሱቅ መድኃኒት ገዛሁ፣ ሽታው አፍ የሚያስይዝ፣
የራስ ቅል ሥዕል ያለው፣ ዓይን የሚያፈዝዝ።
መርጫ በጀርባዬ፣ ሻርፕ ባፍንጫዬ፣
ረጨሁ፣ ረጨሁ፣ እስኪርስ ገላዬ።

ክሽክሹ ረገፈ። ሦስት ቀን ደስ አለኝ።
በአራተኛው ቀን ጦይባ ጠራችኝ።

ጦይባ፣ የቀፎዋ፣ ከአጥሩ ማዶ ቆማለች።
ሻሿን ወደ ኋላ አድርጋ እጇን ዘረጋች።
ንብ ነው መዳፏ ላይ። አንዱም አይላወስም።
አየችኝ፣ አየኋት። አልተናገረችም።
ብትሰድበኝ በወደድኩ፤ ዝም ብላ ሄደች፤
ማታውን ግን በአጥሩ አንድ ዘንቢል ላከች።

ጤና አዳም ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ ተነቅሎ፣
ነጭ ሽንኩርት በራሱ፣ በወረቀት ተጠቅሎ፣
በሶብላ፣ ድንብላል፣ ደግሞም የማላውቀው
ብጫ አበባ ችግኝ፣ ሽታው የሚከረፋው።
በልጇ በሙሄ አፍ መጣልኝ ትእዛዙ፦
«በመሃል በመሃል! ለብቻ እንዳይያዙ።»

ሳቄ መጣ ያኔ። ሠላሳ ሁለት ዓመት
ጨርቅ ሠርቼ ሳበቃ፣ ጠፋኝ የጨርቅ ብልሃት!
ድር ብቻ ዘርግቶ ማን ጋቢ ለበሰ?
ማግ ያልገባበት ድር በነካ እጅ ፈረሰ።

ጎመኔን አሳሳሁ። በየሁለት እግሩ
ነጭ ሽንኩርት ገባ፣ ተጠጋግቶ ከሥሩ።
ከቲማቲሙ ጎን በሶብላ አስቀመጥኩ፣
ብጫውን አበባ ለዳር ዳሩ አደረግኩ።
«ከበሶብላው አርቀው ጤና አዳሙን» አለኝ፣
«ይኮራረፋሉ» ብሎ ሙሄ ነገረኝ።

በምን እንደሚሠራ እኔ አልመረመርኩም፤
ብቻ ሐረጎ ላይ ሲወርድበት ጉም
ሾፌሩ መብራት ይዞ መንገድ እንደሚስት፣
ክሽክሹም በሽንኩርት ጉም ጎመኔን ሳተበት።

አልዋሽም ግን ለሰው። ሁሉም አልተረፈም።
ጓይ ትል ለበሶብላ ደንታም አልሰጠውም።
ጧት ጧት በጣሳ ውሃ እየለቀምኩት፣
ሲሶውን እሱ በላ፣ ሁለቱን እጅ እኔ በላሁት።
አንድ ቀን ከቅጠል ስር አገኘሁ ቀይ ጥንዚዛ፣
የምስር ክክ የምታህል፣ ሰባት ነጥብ ይዛ፤
የተረፈ ክሽክሽ ስትለቅም እንደ ቆሎ፣
ተቀምጬ አየኋት፣ ቁርሴ ተስተጓጉሎ።

በኅዳር፣ ድንብላሉ ሲያወጣ ነጭ አበባ፣
አንድ የጦይባ እንግዳ አጥሬን አልፎ ገባ።
አንድ ንብ፣ ሁለት ንብ፣ ኋላ አልቆጠርኩም፤
ማሽን ያደነቆረው ጆሮዬ አይሰማም።
ዘንጉን ስይዘው ግን ጣቴን ነዘረኝ፣
የድሮው ማሽኔ እጁን የሰጠኝ መሰለኝ።

ለጦይባ ቲማቲም በዚያው ዘንቢል ሰደድኩ፣
ይቅር በይኝ ማለት በአፌ ስላልቻልኩ።
ዘንቢሉ ተመለሰ፤ ማር ነው፣ ከነሰፈፉ።
ሙሄም ጥያቄ ይዟል፣ ተንጠልጥሎ ካፉ፦
«ጋሽ ደምለው፣ ያ መርጫ የት ነው ያለው? ብላለች።»

ወስጄ አሳየሁት።
ከአጥሩ ስር ተጋድሟል፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣
ብጫው አበባ ቆሟል ከሆዱ በቅሎ ወጥቶ።

ሽታው ይከረፋል።
ለመድኩት እኔማ።